ከሜትር የሚጀምረው ስሌት፦ የቬንትሌተር የመነሻ ሴቲንግ በሐረርና በድሬዳዋ

ሐረር ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ። ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። እዚያ ልብስ ሰፊዎች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ሜትር በፅኑ ሕሙማን ክፍልም ቀዳሚ መሣሪያ ነው ብል ቀልድ ይመስላል። ግን እውነት ነው። ቬንትሌተር በራሱ መተንፈስ ላቃተው ሰው ሳንባ አየር የሚገፋ ማሽን ነው። በአንድ ትንፋሽ ስንት አየር ይግፋ የሚለው የሚታወቀው ደግሞ ከታካሚው ቁመት ነው። ሳንባ ከቁመት ጋር እንጂ ከቦርጭ ጋር አያድግም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከቁመት በሴንቲ ሜትር 152.4 ይቀነሳል። የቀረው በ0.91 ይባዛል። ለወንድ 50፣ ለሴት 45.5 ይደመርበታል። የሚገኘው የተገመተ ክብደት ይባላል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሊትር አየር ይታሰባል፤ ይህ መጠን ታይዳል ቮሊዩም ነው። ታካሚው ራሱን ስቶ ቢተኛም ከአናት እስከ ተረከዝ መለካት ይቻላል።

158 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 80 ኪሎ ክብደት ያላትን ሴት እንውሰድ። የተገመተ ክብደቷ 50.6 ኪሎ ነው። በ7 ሲባዛ 350 ሚሊ ሊትር ገደማ ይመጣል። ሚዛን ላይ የወጣውን 80 ኪሎ በ8 ያባዛ ሰው ግን 640 ይሞላል። ይህ በተገመተው ክብደቷ ሲካፈል በኪሎ ከ12 በላይ ነው። ቁጥሩ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሳንባቸው ክፉኛ በተጎዳ 861 ሰዎች ላይ 12ን ከ6 ጋር አወዳድሮ ነበር። የሞት መጠኑ በ12 39.8 በመቶ፣ በ6 ደግሞ 31 በመቶ ሆነ። ሜትር ፈልጎ የማምጣት ስንፍና ታካሚዋን ወደተሸነፈው ወገን ይወስዳታል ማለት ነው። ከዚያም አየሩ ገብቶ ለአፍታ ሲቆም የሚለካው ግፊት ከ30 ሴንቲ ሜትር ውሃ እንዳይበልጥ ይታያል።

ቀጥሎ ፍጥነት ነው። በደቂቃ ለእያንዳንዱ የተገመተ ኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ አየር መነሻ ይሆናል። ለዚህች ሴት 5 ሊትር ነው። ለ350 ሲካፈል 14 ትንፋሽ ይመጣል።

እዚህ ላይ ግን ቁጥሩን ብቻ ማመን ያስጠይቃል። በስኳር በሽታ ደሟ አሲድ የበዛባት ሴት ብትሆንስ? ማሽን ላይ ሳትገባ በደቂቃ 35 ጊዜ ስትተነፍስ የነበረችው አሲዱን ለማራገፍ ነው። 14 ላይ ካሰርናት ራሷን ስትከላከልበት የነበረውን ነገር ነጠቅናት። አስም ያለባት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የገባው አየር በጠበበው ቧንቧ ቶሎ አይወጣም። ፍጥነቱ ወደ 8 ወይም 10 ይወርዳል፤ የማስወጫው ጊዜም ከማስገቢያው አራት እጥፍ ድረስ ይረዝማል። አየሩ ከተጠራቀመና የደም ግፊቷ ድንገት ከወረደ፣ ቱቦውን ለጥቂት ሰከንድ ከማሽኑ ነቅሎ ደረቷን ማስተንፈስ ነው።

ፒፕ የሚባለው፣ አየር ከወጣም በኋላ ሳንባው ተጣብቆ እንዳይዘጋ የሚቀረው ግፊት፣ ብዙ ጊዜ በ5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይጀመራል።

ኦክስጅን በ100 በመቶ ተጀምሮ ሳቹሬሽን፣ ማለትም ደሙ የተሸከመው ኦክስጅን በመቶኛ፣ እየታየ ቶሎ ይቀነሳል። ከ92 እስከ 96 ለብዙዎች በቂ ነው። የአካባቢው ከፍታ የሚገባውም እዚህ ነው። ድል ጮራ ሆስፒታል ያለባት ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሕይወት ፋና ሆስፒታል ያለባት ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። ኦክስጅን ሁለቱም ጋ 21 በመቶ ነው፤ ግን የአየሩ ግፊት ሐረር ላይ ወደ 610 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይወርዳል። ባሕር ጠረፍ ላይ 760 ነው። የሳንባ ጉዳት ሲመዘን የደም ኦክስጅን ግፊት ለሚሰጠው የኦክስጅን ድርሻ (100 በመቶው 1 ተብሎ) ይካፈላል፤ ከ300 በታች ከሆነ ያሰጋል። ይህ መስመር ከከፍታው ጋር ሲስተካከል ድሬዳዋ ላይ 260፣ ሐረር ላይ 240 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ 250 ያስመዘገበ ሰው ጅቡቲ ወደብ ላይ ከመስመሩ በታች፣ ሐረር ላይ ከመስመሩ በላይ ነው። መጽሐፉን እንዳለ የሚገለብጥ ሰው ይህችን ይረሳል።

ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ የደም ጋዝ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት፣ ይታያል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 55 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሆኖ የተፈለገው 40 ቢሆን፣ የነበረው ፍጥነት 14 በ55 ተባዝቶ ለ40 ይካፈላል። አዲሱ ፍጥነት 19 ነው።

ታካሚ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲላክ ሌላ ስሌት ይጨመራል። 680 ሊትር ኦክስጅን የሚይዝ ትንሽ ሲሊንደር በደቂቃ 6 ሊትር ቢወጣበት 113 ደቂቃ ይቆያል። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የሚበቃ ይመስላል። የደንገጎን ዳገት በጠመዝማዛው ከከባድ መኪና ኋላ ሆኖ የወጣ ሰው ግን በዚህ አይተማመንም። ሁለተኛ ሲሊንደር፣ ደግሞም በእጅ የሚጨመቅ አምቡ ባግ አምቡላንሱ ላይ ይጭናል።