ሲኦልና ገሃነም በክርስትና

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ፣ ለገጣፎም ይሁን ቡራዩ፣ የአንድ እድር ሰዎች አብረው ለቅሶ ይደርሳሉ። ድንኳኑ አንድ ነው፤ ንፍሮውም አንድ። ልዩነቱ የሚወጣው ቀብር ላይ ነው። የኦርቶዶክሱ ካህን ለሟች ፍትሐት ያደርሳል፤ የጴንጤው ፓስተር ደግሞ ለቋሚ ይሰብካል። ሁለቱም ሲኦል አለ ይላሉ። የማይስማሙት ከሞት በኋላ ለነፍስ የሚደረግላት ነገር አለ ወይ በሚለው ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ሲኦልና ገሃነም ይለያያሉ። ሰው ሲሞት የጻድቅ ነፍስ ወደ ገነት፣ የኃጥእ ነፍስ ወደ ሲኦል ትሄዳለች። ሁለቱም እስከ ፍርድ ቀን የሚቆይባቸው ቦታዎች ናቸው። ክርስቶስ ዳግም መጥቶ ሙታን ሲነሡ፣ ጻድቃን መንግሥተ ሰማያት ይገባሉ፤ ኃጥአን ደግሞ ገሃነመ እሳት። በራእይ ምዕራፍ 20 ሲኦል ራሱ በእሳት ባሕር ውስጥ ሲጣል እናያለን። እዚህ አገር ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠረው መጽሐፈ ሄኖክም በምዕራፍ 22 ነፍሳት ፍርድ እስኪመጣ ተለያይተው የሚቆዩባቸውን ቦታዎች ይዘረዝራል።

ከመስቀሉ በፊት፣ 5500 ዘመን ሙሉ፣ ጻድቁም ቢሆን ሲኦል ይወርድ ነበር ተብሎ ይታመናል። ክርስቶስ ወደዚያ ወርዶ ነፍሳትን ነጻ አወጣ። ቀዳም ሥዑር፣ በፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ጠዋት፣ ካህናት «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» (በመስቀሉ ሰላምን አደረገ) እያሉ ቄጤማ ያድላሉ፤ ምእመኑ ግንባሩ ላይ ያስረዋል። የዚያ ነጻነት ምሥራች ነው።

ሲኦል ሲነሣ በሉቃስ ምዕራፍ 16 ሲኦል የወረደው ሀብታም አይቀርም። በእኛ ትውፊት ስሙ ነዌ ነው። አልዓዛር ደጁ ላይ ወድቆ ውሾች ቁስሉን ይልሱለት ነበር። ነዌ ሰረቀ ወይም ገደለ የሚል ቃል ግን የለም። እየበላ፣ እየጠጣ ዝም ብሎ ኖረ፤ በቃ። ከእሳቱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ወንጌላውያን (ጴንጤዎቹ) ይህንኑ ታሪክ ይዘው «በመካከል ታላቅ ገደል አለ፣ የሚሻገር የለም» ይላሉ። ስለዚህ ለሙታን አይጸልዩም፤ ውሳኔው እዚሁ ምድር ላይ ያልቃል። ኦርቶዶክሱ ግን በ40 ቀን፣ በ80 ቀን፣ በዓመቱም ፍትሐት ያስደርጋል፣ ተዝካር ያወጣል። ካቶሊኮችም ለሙታን ይጸልያሉ፤ በጸጋ የሞተች ግን ገና ያልጠራች ነፍስ ወደ ሰማይ ከመግባቷ በፊት ትነጻለች ብለው ስለሚያምኑ። አድቬንቲስቶች ለየት ይላሉ። ሙታን እስከ ትንሣኤ ያንቀላፋሉ፤ ኃጥአንም በመጨረሻ ይጠፋሉ እንጂ ለዘላለም አይሠቃዩም ባይ ናቸው።

እሳቱ ምን ዓይነት ነው? ማርቆስ ምዕራፍ 9 የማያንቀላፋ ትልና የማይጠፋ እሳት ይላል፤ ብዙ ሰባኪ እንዳለ ይወስደዋል። ከገዳማውያን መጻሕፍት አንዱ የሆነው «ማር ይስሐቅ» በስሙ የሚጠራለት የ7ኛው ክፍለ ዘመን ሶርያዊ መነኩሴ ይስሐቅ ግን፣ በገሃነም ያሉት የሚገረፉት በፍቅር ጅራፍ ነው ብሏል፦ የበደሉትን ፍቅር አውቀው ይቃጠላሉ። የካቶሊኩ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1999 (እ.ኤ.አ.) ሲያስተምሩ ገሃነም ከቦታነቱ ይልቅ በራስ ፈቃድ ከእግዚአብሔር የመለየት ሁኔታ ነው ብለዋል። ይህ ግን ዘላለማዊነቱን አላስቀረም፤ የካቶሊክ ትምህርት አሁንም ገሃነም መጨረሻ የለውም ይላል።