የመክፈቻ ሒሳብ ምንድን ነው? «አዲሱ ድርጅት» ከዜሮ አይነሳም

አንድ የመንግሥት ድርጅት ፈርሶ በሌላ ስም በተቋቋመ ቁጥር ያው ወሬ ይከተላል፤ «ኮርፖሬሽኑ ከዜሮ ተነስቶ በሁለት ዓመት ካፒታሉን እዚህ አደረሰ» ይባላል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ስለ አንድ የክልል ልማት ድርጅት ይህንኑ ደገመው። ከዜሮ የተነሳ ነገር የለም። ድርጅቱ የተወለደው ግቢውን፣ መጋዘኑን፣ ገልባጭ መኪኖቹን፣ የባንክ ብድሩንና ለአቅራቢዎች ያልከፈለውን ዕዳ ይዞ ነው።

የመክፈቻ ሒሳብ ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ተቆጥሮና ተገምቶ የሚሰፍርበት መግለጫ ነው። ሀብት፣ ዕዳ፣ ልዩነት። ዴቢትና ክሬዲቱን ልተወው። ጣጣው ያለው ልዩነቱ ላይ ነው። የማቋቋሚያ ደንቡ የተፈቀደው ካፒታል ይህን ያህል ነው፣ ከዚያ ውስጥ ይህን ያህሉ «በጥሬ ገንዘብና በዓይነት» ተከፍሏል ይላል። አስተያየት ሰጪው «በጥሬ ገንዘብ» ላይ ሲደርስ ማንበቡን ያቆማል። ክብደቱ ግን «በዓይነት» ላይ ነው። ነባሩ ድርጅት የተወው ንብረት ከነዕዳው ሲተላለፍ፣ ዕዳው ተቀንሶ የሚተርፈው በካፒታል ስም ይጻፋል። ያን ዕለት ከመንግሥት ካዝና አንዲት ብር ላትወጣ ትችላለች። ከዚያው ደንብ ዝቅ ብሎ የፈረሰው ድርጅት መብትና ግዴታ ለአዲሱ ተላልፏል የሚል አጭር አንቀጽ አለ። የፌዴራሉን ነጋሪት ጋዜጣ ወይም የአማራ ክልልን ዝክረ ሕግ የሚያገላብጥ ሰው አስቀድሞ ይህን አንቀጽ ቢፈልግ ግማሹ ክርክር ባልተነሳ ነበር።

ባሕር ዳር ላለ ሰው ይህን ለማስረዳት ከጣና የቀረበ ነገር የለም። በሐይቁ ዳር የተተከለ የውሃ መለኪያ አለ እንበል። ሰኔ 30 ማታ መለኪያው የሚያሳየው ከፍታ የሀብትና ዕዳ መግለጫው ነው። በዓመቱ ውስጥ በግልገል ዓባይ፣ በርብ፣ በጉማራና በመገጭ የገባው ገቢ፣ በጨራ ጨራ ወደ ዓባይ የወረደውና በዋሻው ወደ በለስ የሄደው ወጪ ይሁን። ሐምሌ 1 ጠዋት መለኪያውን የሚጠብቀው ሰው ቢቀየር ውሃው አይጨምርም፣ አይጎድልም። የድርጅት ስም መቀየር ማለት ይህ ነው። አዲሱ ጠባቂ መለኪያውን ነቅሎ ዝቅ አድርጎ ቢተክለውስ? ንባቡ ከፍ ይላል፣ ጠብታ ዝናብ ግን አልጣለም። ይህ ደግሞ የንብረት ዳግም ግመታ፣ ማለትም የነባሩን ንብረት ዋጋ እንደገና መተመን ነው። ትነትም አለ፤ ማንም በር ከፍቶ አይለቀውም፣ ግን በየቀኑ ይሄዳል። እሱን የእርጅና ተቀናሽ፣ ማለትም ንብረቱ ሲያረጅ በየዓመቱ ከዋጋው የሚቀነሰው በሉት። ምሳሌው የሚሰበረው ዕዳ ላይ ነው፤ በድርጅቱ ሐይቅ ውስጥ ከሚታየው ውሃ ምን ያህሉ የባንክ እንደሆነ የመለኪያው እንጨት አይነግርም።

ስሙ ደጋግሞ የተለወጠውን ተቋም እንይ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1989 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 18 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ሆነ። በ2006 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 302 እና 303 ለሁለት ተከፈለ። አንዱ አመንጪው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ሌላው የሚያከፋፍለውና ቆጣሪ የሚያነበው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። (የባሕር ዳር ሰው ሁሉንም «መብራት ኃይል» ይላቸዋል፤ ሒሳብ ለሚሠራ ካልሆነ ማንንም አይጎዳም።) በ1950ዎቹ የተሠራው ጢስ ዓባይ አንድ የኃይል ማመንጫ ከቦታው ሳይነቃነቅ በሦስት ባለቤቶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በክፍፍሉ ጢስ ዓባይና በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ባለ 460 ሜጋዋት ጣና በለስ ወደ አመንጪው፣ የከተማው የማከፋፈያ መስመርና ቆጣሪ ወደ አከፋፋዩ ሄዱ።

እዚህ ላይ ነው ስህተቱ የሚፈላው። አንድ ኮርፖሬሽን በነበሩ ጊዜ ከማመንጫ ወደ ማከፋፈያ የሚሄደው ኃይል የውስጥ ዝውውር ነበር፤ ሒሳብ ሲዘጋ ይሰረዛል። ከተከፈሉ በኋላ ግን አመንጪው ለአከፋፋዩ ይሸጣል፣ አከፋፋዩ ለደንበኛ ይሸጣል። የሁለቱን ገቢ ደምሮ ከአሮጌው ኮርፖሬሽን ገቢ ጋር የሚያወዳድር ሰው አንዱን ኪሎዋት ሰዓት ሁለት ጊዜ ቆጥሮታል። «ከክፍፍሉ ወዲህ ገቢው አደገ» ከማለቱ በፊት እርስ በርስ የተሸጠውን ያውጣ። የመንግሥት ድርጅቶችን በባለቤትነት የሚይዘውን የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስን በመሰለ ጥላ ሥር ያሉ ድርጅቶችን ገቢ በሚደምር ሰው ላይም ይኸው ጥያቄ ይነሳል፦ ድምር ነው ወይስ የውስጡ ተሰርዞ የተጠቃለለ ሒሳብ?

ሌላም አለ። በለስ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ጢስ ዓባይ የሚያገኘው ውሃ ቀንሷል። እንዲህ ያለ ንብረት በመዝገብ ዋጋው ከተላለፈ፣ ወደፊት የሚያስገኘው ገቢ ያንን ዋጋ ይመልሳል ወይ ተብሎ መፈተሽ አለበት። ካልመለሰ ጉድለቱ ኪሳራ ሆኖ ይመዘገባል። በክፍፍል ጊዜ ይህን ፈተና የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ውህደት ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። በ2004 ዓ.ም. የንግድ መርከቡ፣ የባሕርና ትራንዚቱና የደረቅ ወደቡ ድርጅቶች ሲዋሀዱ እንደሆነው፣ ትናንት አንዱ ለሌላው ሲከፍሉና ሲበዳደሩ የነበሩ ዛሬ አንድ ኪስ ይሆናሉ። ለምሳሌ ያህል «ሀ» 500 ሚሊዮን ሀብትና 300 ሚሊዮን ዕዳ፣ «ለ» 200 ሚሊዮን ሀብትና 150 ሚሊዮን ዕዳ ይኑራቸው፤ «ለ» ለ«ሀ» 60 ሚሊዮን ብር ያለበት ይሁን። የተዋሀደው ድርጅት ሀብት 700 ሳይሆን 640፣ ዕዳው 450 ሳይሆን 390 ሚሊዮን ነው። ልዩነቱ በሁለቱም ስሌት 250 ነው፤ ለዚህ ነው ስህተቱ ሳይታወቅ የሚያልፈው። «ሀ» 60 መዝግቦ «ለ» 45 ብቻ ካመነ ደግሞ 15 ሚሊዮን ይንጠለጠላል። ተገቢው መንገድ በሁለቱም በኩል ደረሰኝ በደረሰኝ ማመሳከር ነው። የሚደረገው ግን ብዙ ጊዜ ልዩነቱን ወደ ካፒታል መወርወር ነው።

ያልተጠየቅሁትን ልጨምር። የንግድ ውህደትን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ በአንድ ባለቤት ሥር ያሉ ድርጅቶችን ውህደት አይሸፍንም። ስለዚህ አንዱ ድርጅት በነባሩ የመዝገብ ዋጋ፣ ሌላው በወቅቱ ገበያ ዋጋ ሊከፍት ይችላል። የትኛውን እንደመረጠ የሚታወቀው ከሒሳብ መግለጫው ማብራሪያ ነው፤ ያንን ያላየ «ዕድገት» የሚለውን ቃል ባይጠቀም ይሻላል።

ዳግም ግመታው ወደ ሥራ የገባው በአብዛኛው ከፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 በኋላ ነው። ድርጅቶች ወደ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ሲሸጋገሩ ቋሚ ንብረታቸውን በወቅቱ ዋጋ ገምተው መነሻ እንዲያደርጉት ተፈቅዷል። 40 ሚሊዮን ብር የቀረ የመዝገብ ዋጋ ያለው መሣሪያ 200 ሚሊዮን ተገመተ እንበል። የተጣራው ሀብት በ160 ሚሊዮን ያብጣል፤ በባንክ ያለው ገንዘብ ግን ያው ነው፣ ደመወዝም አይከፈልበትም። የቀረው ዕድሜ 20 ዓመት ከሆነ ዓመታዊው የእርጅና ተቀናሽ ከ2 ወደ 10 ሚሊዮን ይወጣል። ስለዚህ ሥራው ሳይቀንስ ትርፉ በ8 ሚሊዮን ይወርዳል። ባለፈው ዓመት «ካፒታል አደገ» ያለው ሰው ዘንድሮ «ትርፍ አሽቆለቆለ» ይላል፤ የሁለቱም ምክንያት አንድ ወረቀት ነው።

«ዕዳው ተሰረዘ» የሚለውም ከዚሁ ቤት ነው። በ2013 ዓ.ም. የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ሲቋቋም የትልልቅ ድርጅቶች ብድር ወደ እሱ ተዛወረ። ከድርጅቶቹ የመክፈቻ ሒሳብ ወጣ እንጂ ከአገሪቱ አልወጣም፤ በኋላም በ900 ቢሊዮን ብር የመንግሥት ቦንድ እንዲተካ ሲወሰን ወደ መንግሥት መዝገብ ዞረ።

በተግባር መክፈቻው የሚበላሸው ከቢሮ ይልቅ በመጋዘን ነው። መጀመሪያ አንድ የመዝጊያ ቀን ይቆረጣል፤ ከዚያ ቀን በኋላ በአሮጌው ማኅተም ወጪና ገቢ ሰነድ አይቆረጥም። አሮጌና አዲስ ደረሰኝ ለሁለት ወር ጎን ለጎን ከሠራ ነገሩ አለቀ። ቆጠራው የሚካሄደው በርክክብ ኮሚቴ ሆኖ፣ አስረካቢና ተረካቢ በየገጹ ይፈርማሉ። የተሽከርካሪ ሊብሬና የይዞታ ካርታ በአዲሱ ስም ካልዞረ ንብረቱ በመዝገብ ላይ ይኖራል፣ በዋስትና ግን አይያዝም። የሠራተኛው ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ፣ በፍርድ ቤት ያለ ክስና ተሰብሳቢ የማይመስል አሮጌ ሒሳብ ብዙውን ጊዜ ተረስተው በሁለተኛው ዓመት ብቅ ይላሉ። ያኔ ተወቃሹ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ነው። በዓመቱ አጋማሽ የተቋቋመ ድርጅት ደግሞ የመጀመሪያው ሪፖርቱ የስድስት ወር ነው፤ ከቀጣዩ የአሥራ ሁለት ወር ጋር ሲተያይ «በእጥፍ አደገ» መባሉ አይቀርም።

የዕቃ ክምችቱ ከሁሉም ይብሳል። የመክፈቻ ዕቃ በ5 ሚሊዮን ብር ዝቅ ብሎ ከተመዘገበ የተሸጠው ዕቃ ወጪ በዚያው ልክ ያንሳል፣ የመጀመሪያው ዓመት ትርፍም በ5 ሚሊዮን ይነፋል። የውጭ ኦዲተሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሾመው ከቆጠራው በኋላ ስለሆነ መክፈቻውን በዓይኑ አላየም። በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ካልቻለ አስተያየቱን «ከዚህ ጉዳይ በስተቀር» ብሎ ይሰጣል፤ ምክንያቱንም ከአስተያየቱ ሥር፣ «የአስተያየቱ መሠረት» በሚለው አንቀጽ ይጽፈዋል።