ፍሬቶቹ ለምን ሰያፍ ሆኑ?

በእጅ የተሠራ ውድ ኤሌክትሪክ ጊታር ፎቶ በወጣ ቁጥር «ፍሬቶቹ ተጣመው ነው እንዴ የተገጠሙት?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አልተጣመሙም። ፍሬቶቹ፣ ማለትም በጊታሩ አንገት ላይ ከክሮቹ ስር በአግድም የተገጠሙት ቀጫጭን ብረቶች፣ ሆን ተብሎ እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተለመደው ጊታር የስድስቱም ክሮች ርዝመት እኩል ነው ማለት ይቻላል። በዚህኛው ግን ወፍራሙ ክር ይረዝማል፣ ቀጭኑ ያጥራል። የፍሬቱ ቦታ የሚሰላው ደግሞ ከክሩ ርዝመት ነው። 12ኛው ፍሬት ለምሳሌ የእያንዳንዱ ክር አጋማሽ ላይ ማረፍ አለበት። ርዝመቶቹ ሲለያዩ ፍሬቶቹ ሁሉ ትይዩ ሊሆኑ አይችሉም።

ቀጭኑ 25.5 ኢንች፣ ወፍራሙ 27 ኢንች ነው እንበል። ውፍረቱና ቅኝቱ ሳይቀየር አንድ ክር ከ25.5 ወደ 27 ቢረዝም ውጥረቱ በ12 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ወፍራሙ ክር ዝቅ ተደርጎ ቢቃኝም አይላላም። ይሄ የፊዚክስ ጉዳይ ነው፣ አያከራክርም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ኦርፋሪዮን በሚባለው የክር መሣሪያም ላይ ነበር። ለዘመናዊው ጊታር የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ራልፍ ኖቫክ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1989።

ከሠሪ ሠሪ የሚለያየው ሳያጋድል ለአንገቱ ቀጥ ብሎ የሚቀመጠው ፍሬት የቱ ይሁን የሚለው ነው። አንዱ 7ኛውን ይመርጣል፣ ሌላው 12ኛውን። ከቀጥተኛው በራቁ ቁጥር ሰያፉ ይብሳል። እያንዳንዱ ፍሬት የሚገባበት ስንጥቅ የራሱ ማዕዘን ስላለው ሠሪው እዚህ ላይ ነው የሚፈተነው።

ለእጅ ይመቻል ወይ? እሱ እንደ ሰዉ ነው። 1ኛው ፍሬት ላይ ባሬ ኮርድ (በአንድ ጣት ክሮቹን ሁሉ የሚጫኑበትን አያያዝ) ይዛችሁ ሞክሩት።