የሬይድ ዲስክ ግሩፕ ማስፋት ምንድን ነው?

የመሥሪያ ቤት ስቶሬጅ (ብዙ ዲስክ ይዞ ዳታ የሚያስቀምጥ ማሽን) ሊሞላ ሲል መጀመሪያ የሚመጣልን ሐሳብ ዲስክ መጨመር ነው። ክፍት ስሎት አለ። ዲስኩ ተገዝቶ መጥቷል። ይሰካል። ቦታው ግን አይጨምርም። ሲስተሙ አዲሱን ዲስክ ያየዋል፤ ግን ሥራ ያልተሰጠው ትርፍ ዲስክ ሆኖ ይቀመጣል። ከድሮዎቹ ጋር ተቀላቅሎ ዳታ እንዲይዝ የሚያደርገው ሥራ ነው ማስፋት የሚባለው። ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ስቶሬጅ ላይ ከሚሠሩ ሥራዎች መካከል ጥድፊያ የማይወድ ሥራ የምለው ይህንኑ ነው።

ሬይድ ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ የሚያሠራ ዘዴ ነው። ስያሜው የመጣው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ሲሆን፣ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጥናት ታዋቂ ሆነ። ዲስክ ግሩፕ ደግሞ በአንድ የሬይድ ደረጃ የታሰሩ ዲስኮች ስብስብ ነው።

ከደረጃዎቹ አንዱን፣ ሬይድ 5ን እንውሰድ። አራት ዲስክ አለን፣ እያንዳንዱ 4 ቴራባይት። ዳታው ተቆራርጦ በሦስቱ ላይ ይጻፋል። በአራተኛው ላይ ፓሪቲ የሚባል ስሌት ይቀመጣል። ይህ አንድ ረድፍ ነው። ፓሪቲው በየረድፉ ዲስክ እየቀያየረ ይሄዳል። የአንድ ዲስክ ያህል ቦታ ለእሱ ስለሚሄድ ለእኛ የሚቀረው 12 ቴራባይት ነው።

ፓሪቲውን ጠጋ ብለን እንየው። ሦስቱ ዲስኮች ላይ 1011፣ 0110 እና 1100 ተጽፏል እንበል። ስሌቱ ሦስቱን ከላይ ወደ ታች ደርድሮ በየዓምዱ ስንት አንድ እንዳለ ይቆጥራል። ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0 ይጽፋል። ውጤቱ 0001 ይሆናል። ሁለተኛው ዲስክ ቢበላሽ፣ በተረፉት ሁለቱና በፓሪቲው ላይ ያንኑ ስሌት ስንሠራ 0110 ቁልጭ ብሎ ይመለሳል።

አሁን አምስተኛ ዲስክ ገባ። ከዚህ በኋላ አንድ ረድፍ የሚይዘው አራት ቁራጭ ዳታና አንድ ፓሪቲ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የነበረው የመጀመሪያ ቁራጭ ወደ አንደኛው ረድፍ ይወጣል። ቁራጩ 0101 ቢሆን፣ የድሮው ፓሪቲ 0001 አይሠራም፤ 0100 ተብሎ እንደገና መጻፍ አለበት። ሁለተኛው ረድፍ አንድ ስለሰጠ ከሦስተኛው ሁለት ይወስዳል። እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ረድፍ ድረስ ይዘልቃል። አንድ ዲስክ ለመጨመር ብለን በግሩፑ ውስጥ ያለው ዳታ በሙሉ ይነበባል፣ ይሰላል፣ ቦታ ቀይሮ ይጻፋል።

ጊዜ የሚፈጀውም ለዚህ ነው። ከእያንዳንዱ ዲስክ በሰከንድ 50 ሜጋባይት ቢነበብ፣ የ4 ቴራባይት ዲስክን ከዳር እስከ ዳር ለመጨረስ በግርድፉ 22 ሰዓት ይወስዳል። ሰው እየተጠቀመበት ከሆነ ደግሞ ቀናት ሊሆን ይችላል። ብዙ ስቶሬጆች ላይ አንዴ ከተጀመረ ማቋረጥ አይቻልም።

መሀል ላይ መብራት ቢሄድስ? ሊኑክስ ላይ ሬይድ የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ኤምዲአድም፣ የደረሰበትን ቦታ እዚያው ዲስኮቹ ላይ እየመዘገበ ስለሚሄድ፣ ማሽኑ ሲነሳ ካቆመበት መቀጠል ይችላል። ስሱ ቦታ ጅማሬው ነው። እዚያ አዲሱ ረድፍ የሚጻፈው ገና ያልተነሳ ዳታ ባለበት ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ኤምዲአድም ለጊዜው ቅጂ የሚያስቀምጥበት ፋይል ሊጠይቅ ይችላል። ፋይሉ ከግሩፑ ውጪ ባለ ዲስክ ላይ መሆን አለበት። መብራት እልም ድርግም በሚልበት አዲስ አበባ ያለ ሰው ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ባይሞክረው ደስ ይለኛል።

ከመብራቱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የድሮዎቹ ዲስኮች ጤና ነው። ለዓመታት የሠሩ ዲስኮች ቀንና ሌሊት ያለ ፋታ ሲነበቡ ደካማው ይጋለጣል። ሬይድ 5 የአንድ ዲስክ መበላሸትን ይቋቋማል። ሁለተኛ ዲስክ ከተበላሸ ግሩፑ አበቃለት። ስለዚህ አስቀድሞ ሲስተሙ ሁሉንም ዲስክ ከዳር እስከ ዳር እንዲፈትሽ ማድረግ፣ የሚያጠራጥረውንም ዲስክ መቀየር ያስፈልጋል። ባክአፕ ደግሞ የግድ ነው፤ ያውም ሌላ ማሽን ላይ፣ ፋይሎቹ በትክክል መከፈታቸው ታይቶ።

የሚገባው ዲስክ ከነባሮቹ ጋር አንድ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ትንሽ እንኳ ካነሰ ሲስተሙ አይቀበለውም። ከበለጠ ትርፉ ቦታ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ሥራው አልቆ ግሩፑ 16 ቴራባይት ሲሆን ተጠቃሚው አሁንም 12 ነው የሚያየው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል። ከግሩፑ በላይ ቮልዩም፣ ማለትም ከግሩፑ ተከፍሎ ለተጠቃሚው የሚሰጠው ቦታ፣ አለ፤ እሱም ለብቻው ይሰፋል። ከቮልዩሙ በላይ ፋይሎችን የሚያደራጀው ፋይል ሲስተም አለ፤ እሱንም በዊንዶውስ ወይም በሊኑክስ በኩል ማስፋት ያስፈልጋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ዊንዶውስ 14.5 ብሎ ቢያሳይ የጠፋ ነገር የለም። አምራቹ በ1000 እያባዛ የቆጠረውን ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥረው ነው።

ሁሉም ሲስተም በዚህ መንገድ አይሄድም። ዜድኤፍኤስ የሚባለው ፋይል ሲስተም በሬይድ-ዜድ፣ ማለትም በራሱ የፓሪቲ ሬይድ፣ ላይ አንድ ዲስክ ብቻ መጨመር የፈቀደው እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በወጣው ኦፕን ዜድኤፍኤስ 2.3 ነው። እሱ የድሮውን ዳታ በዲስኮቹ ላይ ያሰራጫል እንጂ በዚያ ዳታና በፓሪቲው መካከል ያለውን ምጣኔ አይቀይርም። ስለዚህ ነባሩ ፋይል እንደገና እስኪጻፍ ድረስ የሚገኘው ቦታ ከተጠበቀው ያንሳል።

አንድ ዲስክ ብቻ ካለን ያለው አማራጭ ማስፋት ነው። ሦስት ወይም አራት አዲስ ዲስክ ካለን ግን እኔ ነባሩን ግሩፕ አልነካም። በአዲሶቹ ሌላ ግሩፕ እሠራለሁ፤ አራት ከሆኑ ሁለት ፓሪቲ በሚይዘው በሬይድ 6። የድሮው ዳታ ካለበት አይነቃነቅም፣ አዲሱም ቦታ ብዙ ሳይቆይ ለሥራ ይደርሳል። በአንድ ፓሪቲ ላይ አሥር ዲስክ መደርደርም አይኖርብንም።