ሥነ ልቦና ምንድን ነው?

አራት ኪሎ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ሰው መጽሐፍ አዟሪ ሳይመጣበት አይነሣም። ልጁ ከመዳፉ እስከ አገጩ የደረደረውን ክምር በደረቱ ደግፎ አጠገቤ ቆመና የመጻሕፍቱን ጀርባ በአውራ ጣቱ እየነካ ቆጠረልኝ፦ «ታሪክ አለ፣ ልቦለድ አለ፣ ፖለቲካ አለ፣ ሳይኮሎጂ አለ።» «እስቲ ሳይኮሎጂውን» አልኩት። አራት መዝዞ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። አንዱ ቶሎ ሀብታም ስለ መሆን ነው፤ ሌላው ሰውን በንግግር ስለ መርታት፤ ሦስተኛው የሰውን ሐሳብ ከዓይኑ ስለ ማንበብ፤ አራተኛው ሌሊት ስለ መነሣት። «ይሄኛው ያነቃል እህቴ» አለኝ፣ ከልቡ።

ልጁ አልተሳሳተም፤ ገዢዎቹ በዚህ ስም ነው የሚጠይቁት። ከተማችን ውስጥ «ሳይኮሎጂ» ሲባል የሚያነቃቃ ንግግር ወይም የሰውን ልብ የማንበብ ጥበብ ነው የሚታሰበው። እኔ ስድስት ኪሎ የተማርኩት፣ ዛሬም እንጀራ የምበላበት ሙያ ስለሆነ ግን ቃሉ ወደ ባለቤቱ ቢመለስ ደስ ይለኛል።

ሥነ ልቦና ባህሪንና ከባህሪ ጀርባ ያለውን ሁሉ፣ ማሰብን፣ ማስታወስን፣ መፍራትን፣ መውደድን፣ መማርን፣ በማስረጃ የሚያጠና ሳይንስ ነው። እዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሸክሙን የተሸከመው «በማስረጃ» የሚለው ቃል ነው። ስለ ሰው ጠባይ የሚናገር ሞልቷል፤ እናቶቻችንም፣ የታክሲ ረዳቶችም፣ የዕድር ዳኞችም ሰውን ያውቁታል። የሥነ ልቦና ሰው ግን ባወቀ ቁጥር «በምን አወቅሁ? ተሳስቼ ቢሆንስ በምን ይታወቅ ነበር?» ብሎ ራሱን የመጠየቅ ግዴታ አለበት።

«ሳይኮሎጂ» ነፍስ ወይም እስትንፋስ ማለት ከሆነ የግሪክ ቃል የተሠራ ነው። የእኛው ልቦና ከልብ ይወለዳል። አማርኛ ማስተዋልን ልብ ውስጥ ያኖራል፤ ልብ በል፣ ልብ ገዛ፣ ልበ ቢስ እንላለን። የምስጢርና የሐዘን ቤት ደግሞ ሆድ ነው፤ ሆዱ ባባ፣ ሆደ ባሻ፣ «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል»። ወደ ቢሮዬ የሚመጣ ሰው «የጭንቀት ሕመም አለብኝ» ብሎ አይጀምርም። መዳፉን እምብርቱ ላይ አድርጎ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ነው የሚለኝ። አንዳንዱ እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ለጨጓራ ብሎ ሲመላለስ ዓመት ከርሟል። ቋንቋውን ያልሰማ ባለሙያ በሽታውንም አይሰማም።

የሰውን ነፍስ መመርመር ዱሮም ነበረ፤ የግሪክ ፈላስፎችም፣ የገዳም አባቶችም አድርገውታል። ጥያቄው ወደ ቤተ ሙከራ የገባው ግን እ.ኤ.አ. በ1879 ነው ይባላል፤ በሕክምና የሠለጠነው ዊልሄልም ቩንት ጀርመን ላይፕሲግ ውስጥ ቤተ ሙከራውን ያቋቋመበት ዓመት። የሚሠራው ነገር ሲያዩት ተራ ነበር፤ ሰው ድምፅ ሲሰማ ቁልፍ ይጫናል፣ በመሃል ያለፈው ጊዜ በሰከንድ ክፍልፋይ ይለካል። ትልቁ ነገር ልኬቱ ነው። ሐሳብ ጊዜ እንደሚፈጅ፣ የሚፈጀውም ጊዜ በሰዓት ሊያዝ እንደሚችል ታየ። ሌላው ጀርመናዊ ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ እየሸመደደ፣ ራሱም እየረሳ ለዓመታት መዘገበና በ1885 አሳተመው። ከተሸመደደው ውስጥ ግማሽ የሚሆነው ገና በመጀመሪያው ሰዓት ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ እየዘገመ ይሄዳል። በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ሲሸመድድ ላደረ ተማሪ ይህን ሁልጊዜ እነግረዋለሁ፤ አንዴ ብዙ ከማንበብ ቀን እያሳለፉ መላልሶ ማንበብ ይሻላል።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ በየአቅጣጫው ቅርንጫፍ አወጣ። ቅርንጫፎቹን በስም ከመደርደር አንድ ሰው ላይ ብናያቸው ይሻላል። የአክስቴ ልጅ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ሕንፃ ስምንተኛ ፎቅ ላይ በሒሳብ ሠራተኝነት ትሠራለች። አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ እያለች መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ የጠበቀችው አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ለስምንት ወር ደረጃውን በእግሯ ወጣች። ጠዋት አንዴ፣ ከምሳ በኋላ አንዴ። (የምጽፈው ፈቅዳልኝ ነው።)

የባህሪ አጥኚዎቹ እዚህ ላይ ጥሩ መልስ አላቸው። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ የውሾችን ምግብ አፈጫጨት ሲያጠና፣ እሱም በ1904 ኖቤል ያሸለመው ሥራ ነው፣ ውሾቹ ምግቡ አፋቸው ሳይደርስ ምራቃቸው እንደሚፈስ አስተዋለ። ከምግብ ጋር ተደጋግሞ የመጣ ድምፅ ብቻውን ምራቅ ያመጣል። አሜሪካዊው ጆን ዋትሰን ደግሞ በ1913 «የማይታየውን ተዉት፣ የሚታየውን ባህሪ አጥኑ» የሚል ጥሪ አሰማ። በዚህ ዓይን ሲታይ ለአክስቴ ልጅ የሊፍቱ በር የጨለማው ምልክት ሆኗል።

ግን ስምንት ወር ሙሉ ፍርሃቱ ለምን አልበረደም? ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። በሩ ፊት ስትቆም ልቧ ይመታል፤ ወደ ደረጃው ዞር ስትል እፎይ ትላለች። ያቺ እፎይታ ሽልማት ናት። ሌላው አሜሪካዊ የባህሪ አጥኚ ስኪነር ባህሪ በውጤቱ ይጠነክራል ያለው ይህንኑ ነው፤ ሽሽቷ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይሸለማል፣ ሊፍቱ ምንም እንደማያደርጋት የምታይበት ዕድል ግን አንድም ቀን አይመጣም። ቤተሰቦቿ «ተዪው፣ በእግር መሄድ ለጤናም ጥሩ ነው» እያሉ በፍቅር ሲያጽናኗት ፍርሃቷን ይቀልቡላት ነበር።

ቪየናዊው ሲግመንድ ፍሮይድ ቢሆን ስለ ሊፍቱ ብዙም አይጠይቃትም፤ ስለ ልጅነቷ፣ ስለ ሕልሟ፣ ተዘግቶባት ስለምትፈራው ሌላ ነገር ያስወራት ነበር። ብቅሉ የሚያወጣው ሆድ ያባው ነገር ለእሱ ድብቁ አእምሮ ነው። ፍሮይድ ከጻፋቸው ነገሮች ብዙዎቹ ሲፈተኑ አልጸኑም፤ ይህን ለተማሪዎች ሳልሸፍን እናገራለሁ። ሁለት ነገር ግን አትርፎልናል፦ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ ምክንያቱን አውቆ እንደማያደርግ፣ እና ሳይቋረጡ መደመጥ በራሱ እንደሚያሽር።

የሰውን የማደግ አቅም ስለሚያስቀድሙት፣ ሰብአዊ ስለሚባሉት ባለሙያዎች ባጭሩ ልለፍ። ካርል ሮጀርስ ባለሙያው ሳይፈርድ እንዲያዳምጥ አስተማረ፤ አብርሃም ማዝሎ በ1943 ስለ ሰው ፍላጎቶች ደረጃ ጻፈ። በየሥልጠናው የሚታየውን ፒራሚድ ግን በዚያ ጽሑፍ ውስጥ አልሳለውም፤ ሌሎች ኋላ የሳሉት ነው።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ ኮምፒውተር ሲመጣ አእምሮ ራሱ እንደገና ወደ መድረኩ ተመለሰ። መረጃ እንዴት ይገባል፣ እንዴት ይተረጎማል፣ እንዴት ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ ኮግኒቲቭ የሚባለውን አቀራረብ ወለደ። በፍሮይድ መንገድ የሠለጠነው ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ ድባቴ ያለባቸው ታካሚዎቹ በቅጽበት የሚመጣና የማይመረመር ሐሳብ እንዳላቸው አየ። የአክስቴን ልጅ «በሩ ሲዘጋ ምን ይመጣብሻል?» ስላት አልዘገየችም፦ «አየር ያልቃል።» ሊፍት አየር የሚገባበት ክፍተት እንዳለው ሰምታ አታውቅም ነበር። አካልን የሚያጠኑቱ በበኩላቸው አንጎል ውስጥ ያለችውን፣ አሚግዳላ የምትባለውን የለውዝ ቅርጽ ያላት ክፍል ያነሣሉ፤ ሐሳቡ ሳይጠናቀቅ ልብን የሚያስመታው ሥርዓት አካል ናት።

ማን ትክክል ነው ቢሉኝ፣ ሁሉም እኩል ትክክል ናቸው ብዬ ማምለጥ አልፈልግም። ለፍርሃት ሕክምና በሙከራ የተረጋገጠው በዋናነት የባህሪና የኮግኒቲቭ መንገድ ነው። ማስረጃውም ራሱ ይፈተሻል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን ደግመው ሠርተው የመጀመሪያው ውጤት በድጋሚ የተገኘው ሲሶ በሚያህሉት ብቻ ሆኖ አገኙት። አንዳንዱ ይህን ሰምቶ ትምህርቱን ናቀው፤ እኔን ግን ያኮራኛል፣ የራሱን ስሕተት ቆጥሮ በአደባባይ የሚያትም ሙያ ብዙ አይደለምና። ሌላም ጉድለት አለ፦ ምርምሩ በአብዛኛው የተሠራው በምዕራባውያን፣ ያውም በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ቀኑን ሙሉ አጠገብህ ተቀምጦ ምንም የማይናገር ጎረቤት ምን ያህል እንደሚያሽር በሌላ አገር መጠይቅ አይለካም። ይህን ማጥናት የእኛ ዕዳ ነው።

ሰው የሚያምታታው አንድ ነገር ልጨምር። ሳይካትሪስት የአእምሮ ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዝዛል። የሥነ ልቦና ባለሙያ በንግግርና በልምምድ ይሠራል፣ ይመረምራል፣ ያስተምራል። ሁለቱም ጋ መሄድ ማበድ ማለት አይደለም፤ «አማኑኤል ይግባ» የሚለው ቀልድ ግን ስንቱን ሰው ቤቱ እንዳስቀረው በሥራዬ አያለሁ። ጸበል የሚሄድ ሰው ይሂድ፤ የምለምነው የታዘዘለትን መድኃኒት ሐኪሙን ሳያማክር እንዳያቋርጥ ብቻ ነው።

የአክስቴን ልጅ እኔ አላከምኳትም፤ ዘመድ ማከም በሙያችን አይፈቀድም። ባልደረባዬ ጋ ላክኋት። ያደረገላት ነገር ሥሩ ሜሪ ከቨር ጆንስ በ1924 የጻፈችው ሥራ ነው፤ ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የሚባል ሕፃን ነበር፣ የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሉን ከሩቅ ጀምራ በጥቂት በጥቂቱ እያስጠጋች፣ በመጨረሻ በእጁ እስኪዳስሰው ድረስ አለማመደችው። የእኛዋም መጀመሪያ በሩ ተከፍቶ እያለ ውስጡ ቆማ ወጣች። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ፎቅ ሄደች፣ እጇ ላብ በላብ ሆኖ። ባለፈው ማክሰኞ ከደረጃው ላይ ደወለችልኝ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «አራተኛ ድረስ በሊፍት መጣሁ» አለችኝ፤ «የቀረውን በእግሬ እየወጣሁ ነው።»