ትረስት ምንድን ነው? ወረቀት ያለው አደራ

አሜሪካ ያለ ዘመድ ደውሎ «ቤቱን ትረስት ውስጥ አስገባሁት» ሲል አዳማ ያለነው እንደነግጣለን። ሸጠው? ባንክ ወሰደበት? አይደለም። ትረስት ማለት የኛው አደራ ነው፣ ሕግ የሚያውቀው አደራ።

አንዱ ንብረቱን ይሰጣል፣ ሌላው ባለአደራ ሆኖ ያስተዳድራል፣ ሦስተኛው ይጠቀማል። በቃ።

እንበል ፍራንኮ አካባቢ ሁለት የሚከራዩ ሱቆች ያሏት አያት አለች፤ ልጇ ሞቶባት የ9 ዓመት የልጅ ልጇን ታሳድጋለች። ሱቆቹን በተራ ኑዛዜ ብትተውለት፣ እሷ ስትሞት ሞግዚት ይይዝለታል፣ 18 ሲሞላው ሁሉም እጁ ይገባል። የ18 ዓመት ጎረምሳና የሁለት ሱቅ ኪራይ... እናንተው አስቡት። በአደራ ከሆነ ግን «ወንድሜ ኪራዩን ይሰብስብ፣ ከዚያ ላይ የትምህርት ቤት ይክፈል፣ የተረፈውን ባንክ ያስቀምጥ፣ ሱቆቹን ልጁ 25 ሲሞላው ያስረክበው» ብላ ማሰር ትችላለች። ወንድምየው ያስተዳድራል እንጂ ባለቤት አይደለም። እሱ የግል ዕዳ ቢኖርበት እንኳ አበዳሪዎቹ ሱቆቹን መንካት አይችሉም። አደራ በላ ከሆነ ደግሞ እርግማን ብቻ ሳይሆን ፍርድ ቤት አለ።

ይሄ የፈረንጅ ነገር ብቻ አይምሰላችሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 516 እስከ 544 ስለዚሁ ነው የሚያወራው። አደራው በስጦታ ወይም በኑዛዜ ይቋቋማል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው፦ ኑዛዜው ከወደቀ በሱ የተቋቋመው አደራም አብሮ ይወድቃል። ራፖር ጸሐፊ ጋ ሄዶ አስተይቦ መፈረም አይበቃም። በሌላ ሰው የተጻፈ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፣ መነበቡና ቀኑም እዚያው ወረቀቱ ላይ መስፈር አለባቸው። ውልና ማስረጃ ሹም ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ከመሰከረ 2 ምስክር ይበቃል። «ተነቧል» የምትለዋን አንዲት መስመር በመርሳት ስንት ወንድማማች ተካሷል መሰላችሁ!

ደግሞ የራስን ብቻ ነው አደራ የሚሰጡት። ሱቆቹ በትዳር የተፈሩ ከሆኑ ግማሹ የባል ነው። ልጅን ከውርስ መንቀልም ቢሆን በግልጽ ተጽፎ፣ ምክንያቱ ተጠቅሶ እንጂ ዝም ብሎ አይሆንም።

የአሜሪካው ዘመዳችሁ ጋ ስትመለሱ አንድ ነገር ጠይቁልኝ። እዚያ ብዙ ሰው የሚያወጣው ሊቪንግ ትረስት የሚባለው፣ በሕይወት እያሉ የሚቋቋምና ሲፈልጉ የሚለውጡት ነው። ዋና ጥቅሙ ቤተሰቡ ከሞት በኋላ ፕሮቤት የሚሉትን የፍርድ ቤት ውጣ ውረድ እንዳያይ ነው። ግን ሰነዱን ፈርሞ መሳቢያ ውስጥ መክተት ዋጋ የለውም፤ የቤቱ ስም ራሱ ወደ ትረስቱ መዞር አለበት። ካልዞረ ትረስቱ ባዶ ጆንያ ነው። «ስሙን አዙረኸዋል ወይ?» በሉት።