ወንዝ ዳር ስለ ማደር የምሰማቸው ስሕተቶች

ከጅማ እየተነሣሁ እንግዶችን በመኝታ መኪናና በድንኳን ወደ ጊቤ፣ ወደ ጎጀብና ወደ በለጠ ጫካ ማመላለስ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ዓመት እንግዳ ከመኪና እንደ ወረደ የሚጠይቀኝ አልተለወጠም፦ «ጋሼ፣ ታች ውሃው ዳር ወርደን ብናድርስ?» አይሆንም ስል ፊቱ ይጠቁራል፤ ከዚያም ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «ሰማዩኮ ጠርቷል፣ ወንዙ በምን ይሞላል?» ይለኛል።

ወንዝ የሚሞላው በእናንተ አናት ላይ በወረደው ዝናብ ሳይሆን ከበላዩ ባለው ተራራ ላይ በወረደው ነው። በእኛ አካባቢ ዝናቡ የሚበረታው አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ በመሆኑ፣ በደጋው የተሰበሰበው ውሃ ከተራራው ግርጌ የሚደርሰው ዝናቡ ካባራ፣ ኮከብ ከወጣና እንግዳው ከተኛ በኋላ ነው። አባቶቻችን ደራሽ ውሃ ያሉት በከንቱ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ድሬዳዋ ላይ በሌሊት ሰው የጨረሰው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የመጣው ከከተማዋ በላይ ባሉት ከፍታዎች ከጣለው ዝናብ ሲሆን፣ ደቻቱ ራሱ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው። ብዙም ሳይቆይ፣ በነሐሴ፣ ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች ቆላ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ወሰደ፤ የኦሞ ውሃ ደግሞ ከእኛው ከጊቤና ከጎጀብ የሚወርድ ነው።

እኔም አንድ ጊዜ ተሸንፌአለሁ። ወሩ ግንቦት ነበር፤ አራት እንግዶች ወደ ጎጀብ በሚገባ አንድ ትንሽ ወንዝ ዳር፣ እንደ ወለል የተስተካከለ ጠጠራማ ሜዳ አይተው አላስኬድ አሉኝ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት አካባቢ የነቃሁት በጩኸት ሳይሆን ድምፁ በመለወጡ ነው፤ ሲመሽ በድንጋዮቹ መካከል ሲንፎለፎል የነበረው ውሃ ድንጋዮቹን ውጦ ድምፁ ወፍሮ ነበር። ባትሪ አበራሁ። ውሃው እንደ ሸክላ ቀልቷል፣ አረፋና ደረቅ ቅጠል ተሸክሟል፣ ማታ ማንቆርቆሪያ ያስቀመጥኩባት ድንጋይ የለችም። እንግዶቹን በባዶ እግራቸው አስነሥቼ መኪናውን ወደ ዳገቱ ሳወጣ አንዱ ድንኳንና ቡታጋዙ እዚያው ቀሩ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የተኛንበት ቦታ ወገብ የሚያደርስ ውሃ ሆነ። ጠብታ ዝናብ አልነካንም።

ጠዋት ስመለስ ያየሁትን ማታ ማየት ነበረብኝ። ያ ሜዳ ያን ያህል የተስተካከለው፣ ቁጥቋጦም ያልበቀለበት፣ ጎርፍ በየጊዜው እየመጣ ስለሚጠርገው ነው። በዳሩ ባለው የሾላ ዛፍ ቅርንጫፎች ላይ፣ ከራሴ በላይ፣ የደረቀ ሣርና የላስቲክ ቁራጭ ተጠምጥሞ ነበር፤ ወፍ የሠራችው ጎጆ ይመስላል እንጂ የውሃው የቀድሞ ከፍታ ምልክት ነው። ስለዚህ ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ወንዙን ሳይሆን ዛፉን እዩ። «ሃምሳ እርምጃ ራቅን» የሚለው ክርክርም አይረባም፤ መሬቱ ከውሃው እኩል ከሆነ ሁለት መቶ እርምጃም አያድንም፤ የሚያድነው ከፍታ ነው። መኪናውም አፍንጫው ወደ መውጫው ዞሮ ይቁም፤ ቁልፉ የት እንዳለ ሁሉም ሰው ይወቅ።

ሐይቅ ዳር የሚነገረው ደግሞ «መሬቱ ደርቋል፣ መኪና ይችላል» የሚለው ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ሐይቅ በበጋ እየሸሸ ሲሄድ የሚተወው ዳርቻ ከላይ ተሰነጣጥቆ የደረቀ፣ ከሥር ግን ገንፎ የሆነ ደለል ነው። አንድ ላንድክሩዘር እስከ ዲፈረንሻሉ ሰምጦ በበሬ ስናወጣ ውለናል፤ ባለቤቱ ግን እስከ መጨረሻው «ፎር ባይ ፎር ነውኮ» ይለኝ ነበር። የሚፈስ ውሃ መሻገር ላይም ያው ነው፤ ስድሳ ሳንቲ ሜትር የሚሆን ፈሳሽ ውሃ አብዛኛውን መኪና ከመሬት አንሥቶ ይወስዳል።

ጉማሬ ሣር በል ስለሆነ ሰው አይነካም የሚሉም አሉ። ከጅማ ከተማ ሥር ባለው በቦዬ ረግረግም ሆነ በጊቤ ያለው ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ ሌሊት ለግጦሽ የሚወጣ እንስሳ ነው። በሚመላለስበት መንገድ ላይ ድንኳን የተከለ ሰው እርሱንና ውሃውን ለይቷል ማለት ነው፤ የደነገጠ ጉማሬም የሚሮጠው ወደ ውሃው ነው። ወደ ውሃው የሚወርድ፣ እንደ ቦይ የተቆፈረና ሣሩ የተጋጠ ዱካ ካያችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

«ጅማ ወይና ደጋ ናት፣ ወባ የለም» ይሉኛል። ወባ ግን አለ። ከተማዋ ከ1,700 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ የተቀመጠች ስትሆን በአገራችን ወባ በብዛት የሚታወቀው ከ2,000 ሜትር በታች ነው፤ የሚበረታውም ክረምቱ ሲወጣ፣ ይኸውም ሰማዩ ጠርቶ እንግዳው በሚጎርፍበት በመስከረምና በኅዳር መካከል ነው። አጎበር ያዙ።

«ወራጅ ውሃ ንጹሕ ነው» ለሚለው አንድ ጊዜ የአዌቱን ወንዝ ተከትሎ ጅማን መሻገር በቂ መልስ ነው። ከከተማ ውጭ ደግሞ በቡና ለቀማ ወራት የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች የሚለቁት ፍሳሽ ስንቱን ምንጭ የመሰለ ወንዝ አጥቁሮ አግምቶታል፤ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ይህንን አያጠራም። ስለዚህ የመጠጥ ውሃ ከጅማ በጀሪካን ይጫናል። ዝግ ባለ ውሃ ዳር ባዶ እግር መንከርም ቢልሃርዚያ ያመጣል።

ጭሱ ያለቀ ፍም ድንኳን ወይም መኪና ውስጥ አስገብቶ መሞቅ ይገድላል፤ ጭስ ባይኖርም ካርቦን ሞኖክሳይዱ አለ፣ ሽታም የለውም።

በመጨረሻ፣ ወንዝ ዳር ባለቤት የለውም ብላችሁ ሳታስፈቅዱ አትትከሉ። ያ ሜዳ የአንድ ሰፈር ከብት የሚጠጣበት ነው። እኔ አሁን ከመኪና ስወርድ መጀመሪያ የምፈልገው አንድ አዛውንት ወይም ከብት ጠባቂ ልጅ ነው፤ ፈቃድ ከጠየቅኩ በኋላ «ውሃው የት ድረስ ይወጣል?» እላለሁ። በጎጀቡ ወንዝ ጠዋት ያገኘሁትን አባት ይህንኑ ስጠይቃቸው መልስ አልሰጡኝም፤ ፊታቸውን አዙረው ዳገቱን መውጣት ጀመሩ፣ እኔም ተከተልኳቸው፣ ማታ መኪናውን ካቆምኩበት አልፈው አንዲት የዋንዛ ዛፍ ሥር ሲደርሱ በዱላቸው ግንዱን መታ መታ አደረጉት።